ምግብ የሚመርጥ አዋቂ ቤታችሁ ካለ፣ «በሞቴ» አትበሉት

ወንድሜ 34 ዓመቱ ነው። ወተት ላይ ስልባቦት ካየ ያንን ብርጭቆ አይነካም። ስልባቦቱን በማንኪያ ባነሳለትም ያው ነው፣ አንዴ አይቶታል። ጅማ ተወልዶ አድጎ ገንፎ አይበላም ስል ጎረቤት አያምነኝም። መሃሉ ላይ ቅቤው ቀልጦ ሲያብረቀርቅ እኔ ምራቄን እውጣለሁ፣ እሱን ግን ሽታው ገና ከበር ያቅለሸልሸዋል።

መጀመሪያ «ቅብጠት ነው» ማለቱን ተዉት። ምላስ ሁሉ እኩል አይደለም፤ መራራ ነገር ከሌላው ሰው አብልጦ የሚመርረው አለ፣ ይኼም በዘር ይወረሳል። ሌላው ደግሞ አንድ ቀን ታሞበት ነው። ጆን ጋርሺያ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በፈረንጆቹ 1955 ባሳተመው ጥናት፣ ጣፋጭ ውሃ እየጠጡ ጨረር ያገኛቸው አይጦች ከዚያ በኋላ ያን ጣፋጭ ውሃ ሸሹት። ያሳመማቸው ጨረሩ ነው፣ የጠሉት ግን ጣዕሙን ነው። ወንድሜም ልጅ እያለ ወባ ይዞት ሲያስመልሰው እናታችን «ጉልበት ይሆንሃል» እያለች ገንፎ ታጎርሰው ነበር።

ከዚያ ምኑ እንደሚያስጠላው ለዩ። «ምን አትበላም?» ብትሉት ዝርዝሩ አያልቅም። «ሽታው ነው? ልስላሴው ነው? መልኩ ነው?» በሉት። ሽንኩርት አልወድም ሲል የኖረው ወንድሜ ችግሩ ጣዕሙ አልነበረም፤ ቁራጩ ጥርሱ ስር ሲንሸራተት ነው ቋቅ የሚለው። ሽንኩርቱን አድቅቄ ከትፌ፣ ቅርጹ እስኪጠፋ አቁላልቼ ሽሮ ስሠራለት ሳህኑን ጠርጎ በላ። ቅቤውን ደግሞ አሁን ወጥ ውስጥ አልጨምርም። በዘይት እሠራለሁ፣ የተነጠረው ለብቻው ይቀርባል፣ የፈለገ ያክልበታል።

ደብቃችሁ ግን አትጨምሩ። እኔ አንዴ አይታወቅም ብዬ ግማሽ ማንኪያ ቅቤ ሽሮው ውስጥ ጣል አድርጌ፣ ገና በመጀመሪያው ጉርሻ አወቀብኝ፣ ከዚያ ሁለት ወር ሙሉ እኔ የሠራሁትን ወጥ ትቶ ዳቦ በሻይ በላ። አሁንም ሳስበው ያሳዝነኛል።

ከሁሉም የሚከብደው ጉርሻ ነው። «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» ተብሎ እጅ አፍ ላይ ሲደርስ እምቢ ማለት ነውር፣ መዋጥ ደግሞ ሥቃይ ነው። ድግስ ላይ ለደጋሿ ቀደም ብላችሁ ሹክ በሏት፣ እሱንም የሚበላው ነገር ፊት አስቀምጡት።

አዲስ ነገር ይሞክር ከተባለ ራሱ ይምረጥ። ትንሽ፣ ጥፍር የምታክል፣ ከሚወደው ነገር ጋር። ካልሆነለት በሶፍት ይትፋው፣ ማንም አይቆጣው። አቮካዶ ጅማ ሞልቷል፣ እሱ ግን ልስላሴውን ይጠላ ነበር፤ ሎሚና ቃሪያ ጨምሬ ደረቅ ዳቦ ላይ ስስ አድርጌ እየቀባሁ ስንት ጊዜ ቀምሶ ነው የለመደው።

ሰውየው ከከሳ፣ ካዞረው፣ የሚበላው ነገር ሁለት ሦስት ብቻ ከሆነ ግን የቤት ጉዳይ አይደለም። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በፈረንጆቹ 2013 ባወጣው መመሪያ ራሱን የቻለ ሕመም ብሎ መዝግቦታል፣ አዋቂም ይይዘዋል። ሐኪም ጋ ሂዱ፤ እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና አለ።

ባለፈው እሁድ እናታችን ገንፎ አገነፋች። ወንድሜ አልበላም። ድሮ ሽታውን ሸሽቶ ከቤት ይወጣ ነበር፣ አሁን ግን አጠገባችን ተቀምጦ ቡናውን እስከ በረካ ጠጣ።