የዓሣ ጫጩት አካል ሲሠራ በማይክሮስኮፕ እንዴት ማየት ይቻላል

የዓሣ ጫጩት የውስጥ አካል ሲሠራ ለማየት የባሕር ዓሣ ፍለጋ ከጎንደር እስከ ምጽዋ መውረድ አያስፈልግም። ከጎርጎራ ወዲያ በጣና የሚኖረው አምባዛ ጫጩትም ከእንቁላሉ እንደወጣ ገላው ስስ መስታወት ይመስላል። ማይክሮስኮፕና ትዕግሥት ይበቃል።

የዳበረ የአምባዛ እንቁላል ከዓሣ እርባታ ቦታ ያግኙ። ክረምት ላይ ከሐይቁ ዳር እንቁላል የተጣበቀበት ሣር ለቅሞ መሞከርም ይቻል ይሆናል፤ የየትኛው ዓሣ እንደሆነ መለየት ስለሚያስቸግር ግን አልመክርም። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣለት 1 ቀን ከፍተው ያሳድሩት።

ዋናው ጣጣ የጎንደር ሌሊት ነው። የአምባዛ እንቁላል በ28 ዲግሪ ሙቀት በ22 ሰዓት ገደማ ይፈለፈላል፤ በ20 ዲግሪ ግን 57 ሰዓት ያህል ይወስድበታል። ስለዚህ እንቁላሉ ያለበትን ዕቃ ለብ ያለ ውሃ በያዘ ሳፋ መሐል ያስቀምጡ፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ይቀይሩ፤ ቴርሞሜትሩን ከዓይንዎ አያርቁ።

ጫጩቶቹ ብርሃን ሸሽተው ጥግ ይከማቻሉ። አንዱን ከነውሃው በጠብታ መምጠጫ አንስተው መስታወት ላይ ያኑሩ። ሌላ መስታወት አይጫኑበት፤ ይጨፈለቃል። በ40 እጥፍ ማጉላት ይጀምሩና መጀመሪያ ልቡን ይፈልጉ፤ ከጭንቅላቱ ሥር፣ ስንቁን ከያዘው የአስኳል ከረጢት ፊት ትር ትር ይላል። ምቱን ለ15 ሰከንድ ቆጥረው በ4 ያባዙ። የመብራቱ ሙቀት ጠብታዋን ስለሚያግላት ከ2 ደቂቃ በላይ አያቆዩት።

የባሕሩ ጫጩት ከዚህም በላይ ያልበሰለ ሆኖ ነው የሚወጣው። በሜዲትራኒያን የሚረባውን ዶራዳ እንውሰድ፦ ሲፈለፈል ርዝመቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አፉ ዝግ፣ ዓይኑ ቀለም አልባ፣ አንጀቱ ቀጥ ያለ ቱቦ። ስንጥቡ ገና ስላልተሠራ በቆዳው ይተነፍሳል፤ የተረፈውን ጨው የሚያስወጡለትም ቆዳው ላይ ያሉ ሕዋሳት ናቸው። በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን ገደማ ዓይኑ ይጠቁራል፣ አፉም ይከፈታል፤ ያላየውን ምግብ አይጎርስምና። ጉበቱና ቆሽቱ ቀድመው ተሰናድተው ይጠብቃሉ። ቀጥሎ አየር ሊጎርስ ወደ ውሃው ገጽ ይወጣል። ገጹን ዘይት ከሸፈነው ውሃ ውስጥ የሚያንሳፍፈው የአየር ከረጢቱ ሳይሞላ ይቀራል፤ እንዲህ ያለው ጫጩት ኋላ አከርካሪው ይጎብጣል። ጨጓራው ግን ሳምንታት ቆይቶ ነው የሚመጣው። አምባዛ በዚህ ይቀድመዋል፤ መብላት ከጀመረ በጥቂት ቀናት ጨጓራው ሥራ ይይዛል።

በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት እያዩ ያዩትን በእርሳስ ይሳሉ፤ ፎቶግራፍ የማያሳየውን እጅ ያስተውላል። የአምባዛው ጫጩት በተፈለፈለ በ3ኛው ቀን አካባቢ የአስኳሉ ከረጢት ሲሟጠጥ፣ የተቀቀለ የዶሮ እንቁላል አስኳል በነጠላ ጨርቅ አጥልለው ቁንጣሪ ይስጡ፤ የተረፈው ውሃውን ሳያበላሽ ያውጡት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንዱን መልሰው ይመልከቱ፤ አንጀቱ ላይ ቀጭን ቢጫ መስመር ከታየ በልቷል።