ከአዲስ አበባ ወደ ብሪታንያ፦ በቴሌቪዥን ፕሮዳክሽን ማናጀርነት ለመሥራት ምን ያስፈልጋል?

በመሀል አዲስ አበባ፣ ከፒያሳ እስከ ስታዲየም ባሉት ስቱዲዮዎችና የቀረጻ ቢሮዎች በፕሮዳክሽን ማናጀርነት የሠሩ ባልደረቦቻችን ብሪታንያ ሲደርሱ አስቀድመው የሚጠይቁት የሙያ ፈቃዱን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት የትኛው እንደሆነ ነው። እንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት የለም። ሙያው እንደ ሕክምና ተመዝግበው የሚሠሩት አይደለም፤ ዲግሪም ግዴታ አይደለም። ቀጣሪው የሚመዝነው ምን ዓይነት ፕሮግራም በምን ያህል በጀት ይዛችሁ በጊዜው እንዳስረከባችሁ እና ስልክ አንስቶ ይህን የሚመሰክርላችሁ ሰው መኖሩን ነው። እዚህ አዲስ አበባ ላይ በትውውቅና በቃል የምንጨርሰው ሥራ ሁሉ እዚያ በጽሑፍ ያልቃል፤ ስለዚህ ብቁ መሆን ማለት በአብዛኛው የምታውቁትን ሥራ በወረቀት ማሳየት መቻል ነው።

ከዚያ በፊት ግን የመሥራት መብታችሁ መረጋገጥ አለበት። ቀጣሪዎች ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይህን መብት የማጣራት ግዴታ አለባቸው፤ ማጣራቱም በአብዛኛው ሼር ኮድ በሚባለው፣ ከኢሚግሬሽን የኢንተርኔት ገጽ አውጥታችሁ ለቀጣሪው በምትሰጡት የማረጋገጫ ቁጥር ይከናወናል። ግብርና የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ የሚመዘገብበት የናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥርም ያስፈልጋችኋል። ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠባበቅ ሰው በአብዛኛው መሥራት አይፈቀድለትም፤ ያለ ደመወዝ የሚደረግ ልምምድም እንደ ሥራ ሊቆጠር ስለሚችል ጠበቃችሁን ሳታማክሩ በማንም ቀረጻ ላይ አትገኙ። ለበጎ አድራጎት ድርጅት በፈቃደኝነት ማገልገል ግን ይቻላል።

በአዲስ አበባ አንድ ፕሮዳክሽን ማናጀር ሎኬሽን ይፈልጋል፣ ከክፍለ ከተማና ከፖሊስ ደብዳቤ ያወጣል፣ መኪና ይከራያል፣ ምግብ ያዛል፣ ማታ ደግሞ ሒሳብ ይዘጋል። በብሪታንያ ይህ ሁሉ ራነር (ተላላኪና ረዳት)፣ ፕሮዳክሽን ሴክሬታሪ፣ ፕሮዳክሽን ኮኦርዲኔተር እና ፕሮዳክሽን ማናጀር በሚባሉ ደረጃዎች ይከፋፈላል፤ ከማናጀሩ በላይ የአጠቃላይ በጀቱና የቀረጻው ኃላፊ የሆነው ላይን ፕሮዲውሰር አለ። አዲስ ለመጣ ሰው ሁሉ «ከራነርነት ጀምር» የሚለው ምክር ለሁሉም ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። ለዓመታት ቡድን የመራ ሰው የንግግርና የጽሑፍ እንግሊዝኛው ከረጋ በኮኦርዲኔተርነት ቢያመለክት ይሻለዋል፤ ምክንያቱም ውሎች፣ የጉዞ መርሐ ግብር፣ የኢንሹራንስ ወረቀትና የዕለት መርሐ ግብር ሁሉ በኮኦርዲኔተሩ ጠረጴዛ ላይ ስለሚያልፉ የአገሩን አሠራር በአጭር ጊዜ ሙሉ በሙሉ ያያል። ራነርነት የሚጠቅመው ቋንቋውን ገና ላልለመደ ወይም የአገሩን ቀረጻ አንድ ጊዜም ላላየ ሰው ነው።

የሥራ ታሪካችሁን ስትጽፉ ዓመቶቹን ወደ ጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር ለውጡ። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ነው፤ ለምሳሌ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ሥራ የጀመረበት ጥቅምት 1957 ዓ.ም. በእነሱ አቆጣጠር 1964 ላይ ይውላል። ዲፕሎማችሁ በአንዱ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁ በሌላው አቆጣጠር ከተጻፈ፣ አንባቢው ከመመረቃችሁ በፊት ሥራ የጀመራችሁ ወይም ለሰባት ዓመት ሥራ የፈታችሁ ሊመስለው ይችላል። ከጣቢያው የምትጠይቁት ደብዳቤም «ታታሪና ታማኝ ሠራተኛ ነበሩ» ብሎ እንዳይቆም፣ የፕሮግራሙን ስም፣ የክፍሎቹን ብዛትና ርዝመት፣ የቡድኑን መጠንና የያዛችሁትን በጀት እንዲዘረዝር አድርጉ። ትምህርት ለመቀጠል የምታስቡ ከሆነ የዲግሪያችሁን ተመጣጣኝነት የሚገመግመው ዩኬ ኢኒክ ነው። አዲስ አበባ የቀረ ሰነድ ካላችሁ ለቤተሰብ ውክልና መስጠት ትችላላችሁ፤ በብሪታንያ ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ የተሰጠው ውክልና እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከተረጋገጠ በኋላ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ቀርቦ ይመዘገባል።

በዕለት ተዕለት ሥራ ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ኮል ሺት በሚባለው የቀረጻ ቀን መርሐ ግብር ላይ ነው። ነገ ጠዋት ጊዮርጊስ አካባቢ ቀረጻ ካለን እኛ ማታ በቴሌግራም «12 ሰዓት ጊዮርጊስ በር» ብለን እንልካለን፤ ሾፌሩ ካሜራ ማኑን ከየት እንደሚያነሳ ያውቃል፣ መብራት ክፍሉም ጄኔሬተሩ የት እንደሚቆም ከዚህ በፊት በነበረው ቀረጻ ያውቃል፣ የጎደለም ካለ በስልክ ይሞላል። በብሪታንያ ይኸው መልእክት በዋዜማው ለሁሉም የሚላክ ሰነድ ነው። የእያንዳንዱ ሰው መድረሻ ሰዓት፣ የቦታው ሙሉ አድራሻ ከነፖስታ ኮዱ፣ የመኪና ማቆሚያው፣ የአየሩ ሁኔታ፣ ፀሐይ የምትወጣበትና የምትጠልቅበት ሰዓት፣ የምግብ እረፍቱ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሰጪው እና ድንገተኛ ክፍል ያለው የቅርብ ሆስፒታል አድራሻ ይጻፍበታል። ሰዓቱም በ24 ሰዓት አቆጣጠር ስለሆነ የእኛ የንጋት 12 ሰዓት እዚያ 06:00፣ የእኛ የጠዋት 1 ሰዓት 07:00 ነው። በቃል «አንድ ሰዓት» ብላችሁ በልማድ 01:00 ከጻፋችሁ ቡድኑ በሙሉ ይበተናል። አዲስ አበባ ላይ ከሠራችኋቸው ቀረጻዎች አንዱን መርጣችሁ በዚህ መልክ ሙሉ ኮል ሺት አዘጋጁለት፤ ለቃለ መጠይቅ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

በጀትም እንዲሁ ነው። ብዙዎቹ ድርጅቶች ኤክሴል ወይም ሙቪ ማጂክ በጀቲንግ የተባለውን የፊልም በጀት ሶፍትዌር ይጠቀማሉ፤ ሶፍትዌሩ ግን ቀላሉ ነገር ነው። መማር ያለባችሁ በሰው ደመወዝ ላይ የሚጨመረውን ወጪ ነው። የሥራ ሰዓታቸው ወጥ ላልሆነ ሠራተኞች የዓመት ዕረፍት ክፍያ በ12.07 በመቶ ይሰላል፤ ከኤፕሪል 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ቀጣሪው ከተወሰነ መጠን በላይ ባለው ደመወዝ ላይ 15 በመቶ የናሽናል ኢንሹራንስ መዋጮ ይከፍላል። አንድ የድምፅ ባለሙያ በሳምንት 1,000 ፓውንድ ሲስማማ የዕረፍት ክፍያው በውስጡ መኖር አለመኖሩ በጽሑፍ ካልተቀመጠ፣ በየሳምንቱ 120 ፓውንድ ከ70 ሳንቲም ያልታሰበ ወጪ ይመጣል። ተጨማሪ እሴት ታክሱ ከእኛው 15 በመቶ ከፍ ብሎ በመደበኛ ተመኑ 20 በመቶ ነው። በየሳምንቱ የምታቀርቡት የወጪ ሪፖርትም የወጣውን ብቻ ሳይሆን ውል ገብታችሁበት ገና ያልከፈላችሁትን እና እስከ ማስረከቢያ የሚቀረውን ግምት ጭምር ማሳየት አለበት።

ስለ ደኅንነት ያለው ሕግ ጥብቅ ነው፤ ይህን ክፍል በቸልታ እንዳታልፉት አጥብቄ እለምናችኋለሁ። በ1974 እ.ኤ.አ. የወጣው የሥራ ጤናና ደኅንነት ሕግ ቀረጻንም ስለሚመለከት፣ ከእያንዳንዱ ቀረጻ በፊት አደጋ ሊያደርስ የሚችለው ነገርና መከላከያው በጽሑፍ ይዘረዘራል። ዝናብ ላይ ኬብል መዘርጋት፣ ሌሊት ሲሠራ ያደረ ሰው መኪና እየነዳ መመለሱ፣ በሕዝብ መንገድ ላይ ትራይፖድ (የካሜራ መቆሚያ) መትከል ሁሉም የሚጻፉ ናቸው። ሠራተኛ የሚቀጥር ድርጅት ቢያንስ የ5 ሚሊዮን ፓውንድ የአሠሪ ኃላፊነት ኢንሹራንስ ሊኖረው ይገባል። የሳምንቱ የሥራ ሰዓት ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ካልፈቀደ በአማካይ ከ48 መብለጥ የለበትም፤ በሁለት የሥራ ቀናት መካከልም በመደበኛው ደንብ የ11 ሰዓት እረፍት ያስፈልጋል። ልጆች የሚሳተፉበት ፕሮግራም ከሆነ ፈቃዱ ልጁ ከሚኖርበት የአካባቢ አስተዳደር ይወጣል፤ በእንግሊዝ ማመልከቻው ከ21 ቀን ያነሰ ጊዜ ሲቀረው ከደረሰ አስተዳደሩ ሊከለክል ይችላል። «ወላጁ ተስማምቷል» ማለት በቂ አይደለም።

ሥልጠና ስትፈልጉ ስክሪንስኪልስ ከተባለው የፊልምና የቴሌቪዥን ሙያ ሥልጠና ድርጅት ጀምሩ፤ የእያንዳንዱን የሥራ መደብ ዝርዝር በነፃ ያቀርባል፣ በኢንተርኔት የሚሰጡ ኮርሶችም አሉት። ቤክቱ የተባለው የሠራተኞች ማኅበር ስለ ክፍያና ስለ ውል ያማክራል። ሥራው በአብዛኛው በአጭር ኮንትራት ስለሆነ ታለንት ማናጀር በተባለው የቅጥር የኢንተርኔት ገጽ ላይ ስማችሁን አስመዝግባችሁ የምትገኙበትን ጊዜ ሁልጊዜ አድሱ፤ ክፍት መሆናችሁ ያልታወቀ ከሆነ የሚደውል የለም። መንጃ ፈቃድም አትርሱ። በኢትዮጵያ ፈቃድ በብሪታንያ መንዳት የሚቻለው ነዋሪ ከሆናችሁበት ቀን ጀምሮ ለ12 ወር ብቻ ሲሆን ከዚያ በኋላ የአገሩን ፈተና ማለፍ ግድ ነው፤ በታችኛው ደረጃ ካሉት ሥራዎች ብዙዎቹ መንዳት የሚችል ሰው ስለሚጠይቁ የንድፈ ሐሳብ ፈተናውን በመጀመሪያዎቹ ወራት ውሰዱ።