ዩኒቨርሳል ሪሞት ስትገዙ ልትጠነቀቁባቸው የሚገቡ ስህተቶች

በብዙ ቤት ሳሎን ሦስት አራት ሪሞት አይጠፋም። አንዱ የቲቪው፣ አንዱ የሪሲቨሩ፣ አንዱ የሳውንድ ባሩ ነው። ዘመድ ከውጭ ፋየር ስቲክ (ቲቪው ላይ ተሰክቶ የኢንተርኔት ፊልም የሚያሳይ ዕቃ) ካመጣ ደግሞ ሌላ ይጨመራል። «እስኪ ድምፁን ቀንሱት» ሲባል የትኛው እንደሚነሳ የሚያውቁት ልጆቹ ብቻ ናቸው። ሁሉንም የሚያዝ አንድ ሪሞት መግዛት ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ሱቅ ሄዶ ስለ ሪሞቱ ከመጠየቅ በፊት ቤት ያሉትን ዕቃዎች ማወቅ ይቀድማል። ገንዘብ የሚባክነው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ጋ ነው።

ሁሉም ዕቃ በአንድ መንገድ የሚታዘዝ መስሎ መታየት

ትልቁ ስህተት ይሄ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

ተራው ሪሞት የሚሠራው በኢንፍራሬድ ነው፤ ዓይናችን በማያየው ብርሃን ማለት ነው። ቁልፍ ስትጫኑ ፊቱ ላይ ያለችው ትንሽ አምፖል በሴኮንድ 38 ሺህ ጊዜ ገደማ ብልጭ ድርግም ትላለች። ቲቪው ብልጭታው እንዴት እየተቆራረጠ እንደመጣ አይቶ ትእዛዙን ይለያል። ብርሃን ነውና ግድግዳ አያልፍም። ሪሲቨሩን ቡፌ ውስጥ አስገብታችሁ የእንጨት በሩን ከዘጋችሁበት አይሰማም።

ሌሎች ዕቃዎች ግን የሚታዘዙት በሬዲዮ ሞገድ ነው። የአማዞን ፋየር ቲቪ ስቲክ በብሉቱዝ ነው የሚሠራው፤ የኢንፍራሬድ መቀበያ ጭራሽ የለውም። ክሮምካስት ዊዝ ጎግል ቲቪም እንደዚያው። ፕሌይስቴሽን 4 እና 5ም እንደዚያው። የሮኩ ስቲኮች በዋይፋይ ነው የሚገናኙት። ለነዚህ ዕቃዎች ከመርካቶ የተገዛው ርካሽ ሪሞት ምንም አይፈይድም። ኮዱን፣ ማለትም ሪሞቱ ዕቃውን እንዲያውቅ የሚገባለትን ቁጥር፣ ስትቀያይሩ ብትውሉ፣ አዲስ ባትሪ ድንጋይ ብታስገቡ፣ ያው ነው። ብሉቱዝ ያለው ዩኒቨርሳል ሪሞት አለ፤ ዋጋው ግን ሌላ ነው፣ ከየትኞቹ ዕቃዎች ጋር እንደሚስማማም ከመግዛት በፊት መታየት አለበት።

እንዴት ትለያላችሁ? የስልካችሁን የሰልፊ ካሜራ ክፈቱና የሪሞቱን አፍንጫ ወደ እሱ አዙራችሁ ቁልፍ ተጫኑ። ስክሪኑ ላይ ወይን ጠጅ ወይም ነጣ ያለ ብርሃን ብልጭ ካለ ኢንፍራሬድ ነው። የአይፎን የኋላ ካሜራ ይህን ብርሃን ስለሚያጣራው በፊተኛው ነው መሞከር ያለበት። አንድ ማሳሰቢያ፦ የፋየር ስቲክ ሪሞት ያታልላል። የድምፅና የማብሪያ ቁልፎቹ ቲቪውን ለማዘዝ ኢንፍራሬድ ይልካሉ፤ የቀሩት በብሉቱዝ ናቸው። ስለዚህ በድምፅ ቁልፉ ሳይሆን በቀስቶቹ ሞክሩ።

ይሄ ማታለል ጥቅምም አለው። የፋየር ስቲኩን ሪሞት ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ከቲቪው ጋር ካስተዋወቃችሁት፣ ቲቪውን ማብራትና ማጥፋት፣ ድምፁንም ከፍ ዝቅ ማድረግ ይችላል። አንዳንድ ቤት አዲስ ሪሞት ሳይገዛ ነገሩ እዚሁ ያልቃል።

ቲቪው በነፃ ለሚሠራው መክፈል

በኤችዲኤምአይ ገመድ የተገናኙ ዕቃዎች በዚያው ገመድ ትእዛዝ ይለዋወጣሉ። አሠራሩ ሲኢሲ ይባላል። ሳምሰንግ «ኤኒኔት ፕላስ»፣ ኤልጂ «ሲምፕሊንክ»፣ ሶኒ «ብራቪያ ሲንክ» እያሉ ስለሚጠሩት ብዙ ሰው ቲቪው ላይ እያለለት አያውቀውም። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አብሩት። ከዚያ በኋላ የቲቪው ሪሞት የሳውንድ ባሩን ድምፅ ይቀንሳል፣ ፋየር ስቲኩንም ወደ ላይ ወደ ታች ያንቀሳቅሳል። ርካሽ የሳተላይት ሪሲቨር ብዙ ጊዜ ይህን አሠራር አያውቀውም። በቀይ፣ ነጭና ቢጫው ገመድ ለተያያዘ ዕቃ ደግሞ ጨርሶ አይሆንም። ስለዚህ መግዛታችሁ ላይቀር ይችላል፤ ግን ለአራት ዕቃ ሳይሆን ለሁለት ይሆናል።

ማርካ ብቻ ተናግሮ መግዛት

«የኤልጂ ሪሞት አለ?» «አለ።» ቤት ሲደርስ ያበራል፣ ያጠፋል፣ ሜኑ ግን አይከፍትም። ይሄ ብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነገር ነው። ሱቅ ላይ «ዩኒቨርሳል» ከሚባሉት ውስጥ የአንድ ማርካ ቲቪዎችን ብቻ የሚያዙ አሉ። የብዙ ማርካ ቲቪ እያዘዙ ሪሲቨር የማያውቁም አሉ። ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ የቲቪው ጀርባና የሪሲቨሩ ሆድ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ፎቶ አንሱት። የድሮው ሪሞት ካለም ጀርባውን ወይም የድንጋዩን ማስቀመጫ ውስጥ እዩ። በብዙ የኤልጂ ሪሞት ላይ «ኤኬቢ» ብሎ የሚጀምር ቁጥር አለ፤ በሳምሰንግ ደግሞ «ቢኤን59»። ባለሱቁ ከማርካው ስም ይልቅ በዚህ ቁጥር ነው በደንብ የሚያገኝላችሁ።

ጥገና የገባ ቲቪ ካላችሁ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ጠይቁ። ሠሪው ቦርዱን ቀይሮታል ወይ? ለብዙ ዓይነት ቲቪ የሚሆን ቦርድ ከተገጠመ ቲቪው ፊቱ ላይ የድሮ ማርካው ተጽፎ፣ ውስጡ ግን የሌላ ሪሞት ቋንቋ ነው የሚሰማው። በማርካው ኮድ ስትሞክሩት ብትውሉ አይሰማችሁም። ለቦርዱ የሚሆነውን ሪሞት ከሠሪው መቀበል ነው።

ሪሲቨር ላይ ችግሩ ይብሳል። የታወቁት ቲቪዎች ኮድ በየዩኒቨርሳል ሪሞቱ ውስጥ አለ። እኛ ቤት ያሉት የዲሽ ሪሲቨሮች ግን ዓይነታቸው ብዙ ነው፤ የአንድ ማርካ ሁለት ሞዴሎች እንኳ የተለያየ ሪሞት ሊኖራቸው ይችላል። ለዚህ ነው የሚቀጥለውን ዓይነት ሪሞት የምመርጠው።

ኦርጅናሉ ከሞተ በኋላ የሚማር ሪሞት መግዛት

የሚማር ሪሞት ኮድ አይፈልግም። ከሌላው ሪሞት ላይ እያንዳንዱን ቁልፍ ይቀዳል። ቹንግሆፕ ኤል336 ይህን ከሚሠሩት ርካሾቹ አንዱ ነው። ማንም ለማያውቀው ሪሲቨር ከዚህ የተሻለ መላ የለም ባይ ነኝ። ግን የሚማርበት ኦርጅናል ያስፈልገዋል። ሪሞቱ ቡና ተደፍቶበት ወይም ልጆች ሰብረውት ካለቀ በኋላ የሚማር ሪሞት መግዛት ከንቱ ነው። እንግዲህ ጎረቤት ተመሳሳይ ሪሲቨር ካለው ሪሞቱን ለጥቂት ደቂቃ መዋስ ነው። ትእዛዙ አንድ ስለሆነ የናንተንም ያዛል።

ስታስተምሩት ሁለቱን ሪሞቶች አፍንጫ ለአፍንጫ ጠረጴዛ ላይ አጋድሙ፤ መሃላቸው ሁለት ሦስት ጣት ያህል ይሁን። ኦርጅናሉ ላይ የለበሰውን ላስቲክ አውልቁ። አዎ፣ ከተገዛ ጀምሮ ያልወለቀውን። አቧራ የጠጣ ላስቲክ ብርሃኑን ያዳክመዋል። ለኦርጅናሉ አዲስ ድንጋይ አስገቡለት፤ በደከመ ድንጋይ የተቀዳ ቁልፍ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ እንቢ ይላል። ከፀሐይና ከደማቅ አምፖል ራቅ በሉ። መጀመሪያ ቻናል መጨመሪያውንና «ኦኬ»ን ብቻ አስተምሩና ሪሲቨሩ ላይ ሞክሩት። ከሠራ የቀረውን ቀጥሉ።

በአንድ ቁልፍ ሁሉን ማብራት

ዋጋቸው ከፍ ያሉት ሪሞቶች አንድ ቁልፍ ስትነኩ ቲቪውን፣ ሳውንድ ባሩንና ሪሲቨሩን ተራ በተራ ያበራሉ። መብራት የማይቆራረጥበት ቦታ ጥሩ ነው። እኛ ጋ ግን መብራት ሄዶ ሲመጣ አንዱ ዕቃ ራሱ ይበራል፣ ሌላው ጠፍቶ ይቀራል። የብዙ ዕቃ ማብሪያና ማጥፊያ ደግሞ አንድ ትእዛዝ ነው፤ የበራውን ያጠፋል፣ የጠፋውን ያበራል። ስለዚህ ያቺን ቁልፍ ስትነኩ ቲቪው በርቶ ሪሲቨሩ ይጠፋል። እንደገና ስትነኩ ይገለባበጣል። «ብራ» እና «ጥፋ» የሚሉት ትእዛዞች የተለያዩለት ዕቃ ከሌላችሁ ለዚህ ብላችሁ ተጨማሪ ብር አታውጡ።

ስልኬ ይበቃል ማለት

ብዙ የሬድሚና የሻኦሚ ስልኮች ኢንፍራሬድ አላቸው፤ አይፎን የለውም። ለጊዜው ይጠቅማል። ግን ስልኩ ከባለቤቱ ጋር ይወጣል፤ ቤት የቀሩት እማማ ዜና ሊያዩ ሲሉ ምን ሊያደርጉ ነው?

የቆመ ምርት በውድ መግዛት

ሎጂቴክ ሃርመኒ የተባለው ሪሞት በዘመኑ ከሁሉ የሚወደስ ነበር። ኩባንያው ግን በ2021 እ.ኤ.አ. ማምረቱን አቁሟል። ከአሜሪካ ሰው ላምጣላችሁ ካላችሁ ይህን እወቁ፤ ሪሞቱ የሚዋቀረው በኩባንያው ኢንተርኔት አገልግሎት በኩል ነው። አገልግሎቱ በቆመ ቀን አዲስ ዕቃ ማስተዋወቅ አይቻልም። በርካሽ ከተገኘ እሺ፤ በአዲስ ዋጋ ግን አይሆንም።

ቁልፎቹን ሳይነኩ መግዛት

ሱቅ ውስጥ በእጃችሁ ያዙት። «ሶርስ» ወይም «ኢንፑት» የሚል ቁልፍ አለው? ከሪሲቨር ወደ ፋየር ስቲክ የሚኬደው በዚያ ነው። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫና ሰማያዊዎቹስ አሉ? የሪሲቨር ሜኑ ያለ እነሱ ግማሽ ነው። ድንጋይ ሲወጣ ኮዱን የሚረሱ ርካሽ ሪሞቶችም ስላሉ ባለሱቁ ፊት አውጥታችሁ መልሱት።

ኦርጅናሎቹን መጣል

አዲሱ ሁሉን ቢያዝም የድሮዎቹን አትጣሉ። የኤልጂ ማጂክ ሪሞት ስክሪኑ ላይ የሚያንቀሳቅሰው ጠቋሚና በንግግር የሚሰጠው ትእዛዝ በተራ ኢንፍራሬድ ሪሞት አይሠራም። ቻናሎች ፍሪኩዌንሲ ሲቀይሩ ደግሞ የሪሲቨሩን ሁሉንም ቁልፎች የያዘው ኦርጅናሉ ነው፤ የዲሽ ሠራተኛው መጥቶ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁም እሱን ነው። ድንጋዩ ቀልጦ ሽቦውን እንዳይበላው አውጥታችሁ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጧቸው።