ብጉር የሚያወጣና በቀላሉ የሚቆጣ ቆዳን የፊት ፀጉር ከተነሳ በኋላ እንዴት መንከባከብ ይቻላል?

ከፊት ላይ ፀጉር ሲነሳ ቆዳውም ሳይነካ አይቀርም። ሰም ፀጉሩን ነቅሎ ሲወጣ ከቆዳው የላይኛው ንብርብር የተወሰነውን ገፎ ይወስዳል፤ ምላጭም ባለፈበት ሁሉ ይህንኑ ንብርብር ይፍቀዋል። ክርና ወረንጦ በቆዳው ገጽ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት አነስተኛ ቢሆንም፣ ፀጉሩን ከሥሩ ስለሚመዙት የበቀለበትን ቀዳዳ ለጥቂት ጊዜ ክፍትና የተቆጣ አድርገው ይተዉታል። ፀጉር የሚያሟሟ ክሬም ደግሞ ፒኤቹ (የአሲድነቱ ወይም የአልካላይነቱ መለኪያ) ብዙውን ጊዜ ወደ 12 የሚጠጋ በመሆኑ፣ ፒኤቹ 5 አካባቢ የሆነውን የፊት ቆዳ በኬሚካል ኃይል ያውከዋል።

ብጉር የማያስቸግረው ቆዳ ይህን ሁሉ በአብዛኛው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይወጣዋል። ብጉር የሚያዘወትረው ቆዳ ግን ከመጀመሪያውም በፀጉር ቀዳዳዎቹ ዙሪያ የተቆጣ ነው፤ በዚያ ላይ ለብጉር የሚቀቡት መድኃኒቶች አብዛኞቹ ስለሚያደርቁትና ስለሚያስልጡት፣ አዲስ ጉዳት ሲደርስበት የሚከላከልበት አቅሙ ዝቅተኛ ነው። ብዙ ሰው ፀጉር ባነሳ ማግስት ጉብታ ሲያይ ብጉሩ የባሰበት ይመስለውና ያለውን ጠንካራ መድኃኒት ሁሉ ይቀባል። በእኔ እምነት ከዚህ የበለጠ ፊትን የሚጎዳ እርምጃ የለም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ፊቱን መያዝ የሚገባው ትኩስ ጭረት በሚያዝበት ጥንቃቄ ነው፤ የብጉሩ ሕክምና ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ከማንሳትዎ በፊት

እንክብካቤው የሚጀምረው ፀጉሩ ከመነሳቱ ቀደም ብሎ ነው። እንደ አዳፓሊን ወይም ትሬቲኖይን ያሉ ከቫይታሚን ኤ የተሠሩ ቅባቶችን የሚጠቀሙ ከሆነ፣ ሰም ከመጠቀምዎ ቢያንስ ከ5 እስከ 7 ቀናት አስቀድመው ያቁሟቸው፤ ይህን ያላደረገ ሰው ሰሙ ሲላቀቅ ቆዳውም አብሮ ተልጦ ሊነሳ ይችላል። ለብጉር የሚቀቡትን ሳሊሲሊክ አሲድን፣ ግላይኮሊክ አሲድንና ቤንዞይል ፐርኦክሳይድንም ሁለት ሦስት ቀን አስቀድሞ መተው ይበጃል። አይሶትሬቲኖይን የሚባለውን የሚዋጥ የብጉር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን መድኃኒቱን በሚወስድበት ጊዜም ሆነ ካቆመ በኋላ ለ6 ወራት ያህል ፊቱን በሰም ማስነሳት የለበትም።

መግል የቋጠረ ብጉር፣ ቁስል ወይም በፀሐይ የተቃጠለ ቦታ ላይ በየትኛውም መንገድ ፀጉር አይነሳም። ክሬም የሚጠቀሙ ከሆነ ትንሽ ወስደው መንጋጋዎ ሥር ይሞክሩትና ለ24 ሰዓታት ይጠብቁ፤ በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ደቂቃ በላይ ደግሞ ለአፍታም ቢሆን አያቆዩት። ምላጭ የሚመርጡ ሰዎች ቆዳውንና ፀጉሩን በለብ ያለ ውኃ አለስልሰው፣ ስለታም ምላጭ ይዘው ፀጉሩ ወደሚያድግበት አቅጣጫ ይላጩ፤ አንዱን ቦታ ደጋግሞ መፋቅ አያስፈልግም። ምላጭ ፀጉሩን ያወፍረዋል ወይም ያበዛዋል የሚለው ወሬ እውነት ስላልሆነ፣ ለብጉራም ፊት በተለይ ቆዳውን ሳይነካ የሚቆርጥ የኤሌክትሪክ መላጫ ብዙዎች ከሚያስቡት የተሻለ ምርጫ ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ፦ ማጽዳትና ማቀዝቀዝ

ፀጉሩ እንደተነሳ በመጀመሪያ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። የሰም ቅሪት ካለ በጥፍር ከመፋቅ ይልቅ፣ ሽታ በሌለው የሕፃናት ዘይት በተነከረ ጥጥ በቀስታ ያለስልሱትና ዘይቱን መዓዛ በሌለው ለስላሳ የፊት ማጽጃ ያስወግዱት። ክሬም ከነበረ ምንም እንዳይቀር በብዙ ውኃ ያለቅልቁት። ውኃው ለብ ያለ ወይም ቀዝቀዝ ያለ ይሁን፤ ሙቅ ውኃ የደም ሥሮችን አስፍቶ መቅላቱንና ማቃጠሉን ያባብሰዋል። ሲያደርቁም ንጹሕ ፎጣ በቆዳው ላይ ጫን እያደረጉ ውኃውን እንዲመጥ ያድርጉ እንጂ አይሹት።

ከዚያ በኋላ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በቦታው ላይ ያሳርፉ፤ ካስፈለገም በየሰዓቱ ይደግሙታል። በረዶ የሚጠቀም ሰው በጨርቅ ይጠቅልለው፤ በረዶ በቀጥታ ቆዳ ላይ ከቆየ ራሱ ያቃጥላል። ጠቆር ያለ ቆዳ ያላቸው ሰዎች አንድ ነገር ልብ ሊሉ ይገባል፤ መቅላቱ እንደ ቀይ ቀለም ላይታይና ይልቁንም ቦታው ጠቆር ወይም ወይን ጠጅ ወደ መምሰል ሊያደላ ይችላል። ስለዚህ ቆዳው መረጋጋቱን በመስታወት ብቻ ሳይሆን ሙቀቱን፣ ማቃጠሉንና ማሳከኩን በመከታተል ይወቁ።

ሁለተኛው እርምጃ፦ ቀላል ቅባት፣ እሱም በስሱ

ፊቱ ገና ትንሽ ርጥበት እያለው ቀለል ያለ እርጥበት ጠባቂ ቅባት ይቀቡ። የሚፈለገው በማሸጊያው ላይ ቀዳዳ እንደማይደፍን የተገለጸ፣ መዓዛ የሌለውና የንጥረ ነገሮቹ ዝርዝር አጭር የሆነ ነው። ሴራማይድ፣ ግሊሰሪንና ፓንቴኖል ያለበት ቅባት የተገፈፈው ንብርብር እንዲጠገን ይረዳል። ቀዳዳ አይደፍንም የሚለው ጽሑፍ ለእያንዳንዱ ቆዳ ዋስትና አይሰጥም፤ ስለዚህ ከዚህ ቀደም ተጠቅመውበት የተስማማዎትን ቅባት ይያዙ። ፀጉር የተነሳበት ቀን አዲስ ቅባት የሚሞከርበት ቀን አይደለም። ቫዝሊን በራሱ ቀዳዳ የሚደፍን ባይሆንም ቅባቱ ስለሚከብድ፣ ተልጦ በተጋለጠ ትንሽ ቦታ ላይ ብቻ በስሱ ቢቀባ ይሻላል። የኮኮናት ዘይትና የኮኮዋ ቅቤ ግን ቀዳዳ በመድፈን የታወቁ ስለሆኑ ብጉራም ፊት ላይ ቦታ የላቸውም።

ከመላጨት በኋላ ይቀቡ ተብለው የሚሸጡ ብዙ ፈሳሾች አልኮልና መዓዛ አለባቸው። የሚያቃጥል ነገር ጀርም እየገደለ ይመስላል፤ በእርግጥ የሚያደርገው ግን የቆሰለውን ቆዳ እንደገና ማቁሰል ነው። ሎሚ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቤኪንግ ሶዳና ያልተበረዘ የእጽዋት መዓዛ ዘይትም እንዲሁ ናቸው። ሬት ለአንዳንዱ ሰው ያበርዳል፤ ነገር ግን በጠርሙስ የሚሸጠው የሬት ጄል ብዙ ጊዜ መዓዛና አልኮል ስለሚጨመርበት ዝርዝሩን ሳያነቡ አይቀቡት።

እዚህ ላይ የቆዳ ቁጣን ስለሚያበርዱት ስቴሮይድ ቅባቶች ጠበቅ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል። ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል ያለባቸው ቅባቶች መቅላትን በአንድ ሌሊት ስለሚያጠፉ ሰው በቀላሉ ይለምዳቸዋል፤ አንዳንዶቹም ፊት ያጠራሉ እየተባሉ ይሸጣሉ። እነዚህ ፊት ላይ ሲደጋገሙ ቆዳውን ያሳሱታል፣ ጥቃቅን የደም ሥሮች ጎልተው እንዲወጡ ያደርጋሉ፣ ራሳቸውም ብጉርና በአፍ ዙሪያ የሚወጣ ሽፍታ ያመጣሉ። ይህም ብቻ አይደለም፤ ሲቆሙ ቀድሞ የነበረው ሽፍታ ብሶ ይመለሳል፤ ያም ሰውየውን ወደዚያው ቅባት ይመልሰዋል። ማሳከኩ ካልተቻለ ከስቴሮይዶቹ ለስላሳ የሆነው 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን በስሱ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ቢቀባ በአብዛኛው አያሰጋም፤ ከዚያ በላይ የሆነው ግን ያለ ሐኪም ምክር አይደረግም።

ሦስተኛው እርምጃ፦ ቀጣዮቹ 48 ሰዓታት

በእነዚህ ሁለት ቀናት የሚደረገው ነገር ጥቂት ነው፤ የሚተወው ይበዛል። ላብ የሚያስወጣ ስፖርት፣ ሳውና፣ የእንፋሎት መታጠቢያና የዋና ገንዳ ቢያንስ ለ24 ሰዓታት ይቆዩ። ሜካፕም እንዲሁ፤ ግዴታ ከሆነ በንጹሕ ብሩሽ ወይም ስፖንጅ በስሱ ይቀቡ። ስክራብና የፊት ብሩሽ ፈጽሞ አይነኩ። የትራስ ልብስ ይቀይሩ። እጅ ሳይታወቅ ወደ ፊት ይሄዳልና እሱንም ይቆጣጠሩት።

ፀሐይን በተመለከተ ቸል አይበሉ። የተቆጣ ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ቁጣው የተወው ጠቆር ያለ ምልክት ለወራት ይቆያል፤ ይህም በተለይ ጠይምና ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ጎልቶ ይታያል። ኤስፒኤፉ (ፀሐይን የመከላከል አቅሙን የሚያሳየው ቁጥር) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነና ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት መዓዛ አልባ የፀሐይ መከላከያ፣ ከሌሎች ይልቅ ለተቆጣ ቆዳ ይስማማል። ውጭ ሲቆዩ በየ2 ሰዓቱ ይደገማል። በመጀመሪያው ቀን እሱም የሚያቃጥልዎ ከሆነ ሰፊ ባርኔጣ ይልበሱና ጥላ ጥላውን ይሂዱ።

አራተኛው እርምጃ፦ የብጉር መድኃኒቱን መመለስ

መድኃኒቱን መቼ መመለስ እንደሚቻል ለማወቅ ቀላሉ ፈተና የዘወትር ቅባትዎ ነው። ቅባቱ ሲቀባ የሚቆጠቁጥ ከሆነ ቆዳው ገና አልዳነምና ይጠብቁ። የማይቆጠቁጥ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ በሦስተኛው ቀን ገደማ፣ ለስለስ ካለው ይጀምሩ፤ አዜላይክ አሲድ ወይም ከ0.5 እስከ 2 በመቶ የሆነ ሳሊሲሊክ አሲድ ለዚህ ይሆናል። አዜላይክ አሲድ ብጉሩንም ጥቁር ምልክቱንም ስለሚያክም እኔ ከሁሉ የማስቀድመው እሱን ነው፤ ነፍሰ ጡር ሴቶችም ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የሚመርጥ ሰው ከ2.5 በመቶው ይጀምር፤ ከፍተኛው መጠን ይበልጥ ያደርቃል እንጂ በዚያው ልክ ይበልጥ አያድንም። (ፎጣና ልብስ እንደሚያነጣም አይርሱ።)

አዳፓሊንና ትሬቲኖይን በመጨረሻ ይመለሳሉ፤ ከ5 እስከ 7 ቀናት ካለፉ በኋላ፣ በመጀመሪያ አንድ ሌሊት እየዘለሉ። ሁለት መድኃኒቶችን በአንድ ቀን አይመልሱ፤ ቆዳው ቢቆጣ የቱ እንደሆነ መለየት አይቻልምና። ፀጉሩ የተነሳው በሌዘር ከሆነ ይህ የጊዜ ሠሌዳ አይሠራም፤ ያከመዎትን ባለሙያ ይጠይቁ።

የወጣው ጉብታ ምንድን ነው?

ሕክምናው የተለያየ ስለሆነ ጉብታውን መለየት ተገቢ ነው፤ ለመለየትም ከመልኩ ይልቅ የወጣበት ጊዜ የተሻለ ፍንጭ ይሰጣል።

በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ወጥቶ በማግስቱ ወይም በሁለት ቀን የሚጠፋው ተራ መቆጣት ነው፤ ከቀዝቃዛ ጨርቅና ከቅባት በቀር ምንም አይፈልግም። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ የሚወጡና እያንዳንዳቸው በፀጉር ቀዳዳ ላይ የተቀመጡ፣ ጫፋቸው ነጭ የሆኑ ጥቃቅን ጉብታዎች ደግሞ ባክቴሪያ የገባባቸው የፀጉር ቀዳዳዎች መሆናቸው ያይላል። እነዚህን ለብ ባለ ውኃ በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ መያዝና አለማፍረጥ በአብዛኛው ይበቃል።

ከሳምንት በኋላ፣ ፀጉሩ እንደገና መብቀል ሲጀምር የሚወጣው ጠንካራና የሚያሳክክ ጉብታ ወደ ውስጥ ያደገ ፀጉር ሊሆን ይችላል። ጠምዛዛ ፀጉር ያላቸው ሰዎች ከማንም በላይ የሚቸገሩት በዚህ ነው፤ የተቆረጠው ሹል ጫፍ ታጥፎ ተመልሶ ቆዳውን ይወጋል። በመርፌ ወይም በወረንጦ መቆፈር ጠባሳ ያስቀራል። ይልቁንም ፀጉር ማንሳቱን ለጥቂት ሳምንታት ያቁሙና ሳሊሲሊክ አሲድ በስሱ ይቀቡ፤ አብዛኛው ፀጉር እያደገ ራሱ ይወጣል። ነገሩ ከተደጋገመ ዘላቂው መፍትሔ ፀጉሩን በሌዘር ማሳሳት ነው፤ ለጥቁር ቆዳ ከሌሎቹ የሌዘር ዓይነቶች ይልቅ የሞገድ ርዝመቱ 1064 ናኖሜትር የሆነው የተሻለ ደኅንነት አለው።

ጥቁር ወይም ነጭ ነጥብ ያለባቸው ጉብታዎች ፀጉር ባልተነሳበት ቦታም ጭምር ከወጡ የተለመደው ብጉር ናቸው። ቦታው በሙሉ አብጦ በኃይል የሚያሳክክ ከሆነና ውኃ ቢጤ የሚያወጣ ከሆነ፣ ከተጠቀሙበት ነገር አንዱ አለርጂ ሆኖብዎት ሊሆን ይችላል። የላይኛው ከንፈር በሰም ከተነሳ በኋላ ተሰባስበው የሚወጡና የሚያቃጥሉ ውኃ የቋጠሩ ፊኛዎች ደግሞ ሄርፒስ የሚባለው ቫይረስ የሚያመጣቸው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ከዚህ በፊት ከንፈሩ ላይ የሚወጣበት ሰው ፀጉሩን ከማስነሳቱ በፊት ሐኪም ቢያማክር መከላከያ መድኃኒት ሊታዘዝለት ይችላል።

ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶች

እየሰፋ የሚሄድ እብጠትና ሕመም፣ ትኩሳት፣ ቢጫ ቅርፊት፣ ዓይን አካባቢ የደረሰ እብጠት ወይም ከሳምንት በላይ የማይሽር ሽፍታ በቤት ውስጥ የሚታከም አይደለም። ከዚህ ሌላ፣ በሴቶች ላይ በአገጭና በመንጋጋ የሚበቅለው ወፍራም ፀጉር በድንገት ከበዛ፣ ብጉሩም በዚያው አካባቢ ከጸናና የወር አበባው ከተዛባ፣ ነገሩ ከሆርሞን ጋር የተያያዘ፣ ለምሳሌ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም የሚባለው የእንቁላል ማምረቻና የሆርሞን ችግር፣ ሊሆን ስለሚችል መመርመር ያስፈልጋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሆርሞኑን የሚያስተካክል ሕክምና ብጉሩንም ፀጉሩንም ሊቀንስ ይችላል። ወደ ቀጠሮው ሲሄዱ በፊትዎ ላይ የቀቡትን ሁሉ፣ ማሸጊያውን ጨምሮ፣ ይዘው ይሂዱ፤ ስሙ ያልተጻፈበት ቅባት ካለም ደብቀው አይተዉት፤ ሐኪሙ ከሁሉ በላይ ማየት የሚፈልገው እሱን ነውና።