አባትየው መቼ ወጣ? የሬዲዮ ድራማ ስክሪፕት ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ሐዋሳ፣ አክስቴ ቤት። ቡና እየተቆላ ነው። በስልክ የቀረጽነውን የመጀመሪያ ድራማችንን ከፈትኩላቸው። መሃል ላይ አክስቴ ከምጣዱ ቀና ብለው «ልጄ፣ አባትየው መቼ ወጣ?» አሉኝ።

አባትየው አልወጣም። እናትና ልጅ ሲጨቃጨቁ ዝም ብሎ ተቀምጧል።

ከዚያ ወዲህ ስጽፍ የማስበው አክስቴን ነው። የሬዲዮ አድማጭ እጁን አጣጥፎ አያዳምጥም። ቡና ይቆላል፣ ልብስ ያጥባል፣ ባጃጅ ይነዳል። ያመለጠውን ደግሞ ገጽ ገልጦ አያገኘውም።

ችግር፦ ሰው ከትዕይንቱ ይጠፋል

መድረክ ላይ ዝም ያለ ሰው ይታያል። ሬዲዮ ላይ ዝም ያለ ሰው የለም። እኛ ስንጽፍ በሐሳባችን ስለምናየው አድማጩም የሚያየው ይመስለናል።

መፍትሄው ለዝምተኛው ድምፅ የሚያወጣ ሥራ መስጠት ነው። አባትየውን በሁለተኛው ቅጂ ስኒ አስያዝነው። እናትየው ስትጮህ ስኒው ሳህኑ ላይ ቀጭ ይላል። በቃ፣ አባትየው ቤት ውስጥ አለ፣ ሰምቷልም። ምንም ሥራ ካጣችሁለት ግን አስወጡት፣ በሩም ሲዘጋ ይሰማ።

ችግር፦ «አሁን ያወራው ማነው?»

ብዙ ጊዜ ተዋንያኑ ይወቀሳሉ። እኔ ግን መጀመሪያ ስክሪፕቱን አያለሁ። ሰላም፣ ሳሌምና ሰላማዊት አንድ ታሪክ ውስጥ ካሉ ጆሮ ይምታታበታል። በዕድሜም በአነጋገርም የሚመሳሰሉ አራት ወጣቶች አንድ ጠረጴዛ ከከበቡም እንደዚያው ነው። የስሞቹን የመጀመሪያ ፊደል ለያዩ። ለአንድ ትዕይንት ሦስት ተናጋሪ ይበቃል።

ጀማሪ ይህን በስም ሊፈታው ይሞክራል። «አበበ፣ መጣህ?» «አዎ ትዕግስት፣ መጣሁ።» እንዲህ የሚያወራ ሰው የለም። ደግሞም አያስፈልግም፤ አማርኛ ግማሹን ሥራ ይሠራልናል። «ነይ ግቢ» ሁለት ቃል ነው። የተጠራችው ሴት እንደሆነች፣ ተናጋሪውም ወይ እንደሚቀርባት ወይ በዕድሜ እንደሚበልጣት ነግሮናል። «ይግቡ» ቢል ሌላ ቤት፣ ሌላ ታሪክ ነው። ሃያ ዓመት «አንቺ» ሲላት የኖረ ባል አንድ ቀን ማታ «እርስዎ እንዳሉ» ካላት ጠቡ ተጀምሯል። «ተቆጥቻለሁ» የሚል መስመር አትጻፉ። ይህን ሀብት ትተን የስም ጋጋታ ስንጽፍ በጣም ይቆጨኛል።

ችግር፦ ገጸ ባሕርያቱ የሚያዩትን ሁሉ ይተርካሉ

መንስኤው ፊልም እየጻፍን መሆኑ ነው። ካሜራው ስለሌለ ሥራውን ለሰዎቹ አፍ እንሰጠዋለን። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል የሚባለው የአሳ ገበያ ላይ ያለ ትዕይንት እንውሰድ፦

— ተመልከት! አንድ ትልቅ አሞራ በቢላ የምትፍቀውን አሳ ሊነጥቅህ ከጀልባው አጠገብ ቆሟል!

አሁን ሰዎቹ የሚፈልጉትን ብቻ ይናገሩ፦

ድምፅ፦ ቢላ ቅርፊት ሲፍቅ። ከባድ ክንፍ።
— ሂድ! ሂድ ከዚህ!
— አንጀቱን ጣልለት እንጂ።
— አልጥልም! ትናንት አንድ ሙሉ ቆሮሶ ነው ይዞብኝ የበረረው።

«አሞራ» ያለ የለም። «ቢላ»ም አልተባለም። ሁለቱንም አየናቸው፤ ሰውየው ከትናንት ጀምሮ የያዘውን ቂም ጭምር።

መግለጽ ግድ ከሆነስ? መብራት አጥፉ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1924 ቢቢሲ ያስተላለፈው፣ በተለይ ለሬዲዮ ከተጻፉት የመጀመሪያው ነው የሚባለው ተውኔት፣ መብራት በጠፋበት የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚጀምረው። ሰዎቹ እንደ አድማጩ ሁሉ ምንም አያዩም። ስለዚህ «የት ነህ? እጅህን ስጠኝ» ቢሉ ያምርባቸዋል። እኛ ዘንድ መብራት መጥፋቱ ለማንም እንግዳ አይደለም፤ ሻማ ፍለጋው ራሱ ጥሩ ትዕይንት ይወጣዋል።

ችግር፦ ድምፁ ምን እንደሆነ አይታወቅም

ዝናብና የሚንቻቻ ዘይት በድምፅ ማጉያ አንድ ናቸው። የሐይቅ ሞገድም ብቻውን ሲሰማ ጣቢያ ያልያዘ ሬዲዮ ይመስላል። እኔ ስክሪፕት ላይ «የሐይቅ ዳር ድባብ» ብዬ ጽፌ ቀራጩ ልጅ «ምን ላምጣ?» ብሎኛል። ትክክል ነበር። ዕቃውንና ድርጊቱን ጻፉ፦ መቅዘፊያ ውሃ ሲመታ፣ ጀልባ ከድንጋይ ሲነካካ። ከዚያ ከድምፁ በፊት ጆሮውን የሚያዘጋጅ ቃል አስገቡ። «አሳው እንዳያርብሽ!» ከተባለ በኋላ የሚመጣውን ድምፅ ማንም ዝናብ አይለውም።

ቦታ ሲቀየርም እንዲሁ ነው። አድማጩ አዲሱ ቦታ መግባቱን በመጀመሪያው መስመር ይወቅ። «ወራጅ አለ!» ካላችሁ ታክሲ ውስጥ ነን፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ችግር፦ ንግግሩ ዜና ይመስላል

ጣታችን የለመደው የደብዳቤ አማርኛ ነው። «በመሆኑም ነገ ተገናኝተን ብንወያይ» የሚል ፍቅረኛ አላውቅም። መጀመሪያ እያወራችሁ ስልክ ላይ ቅረጹት፣ ከዚያ የተናገራችሁትን ጻፉ። ርዝመቱንም በገጽ ቁጥር አትገምቱ፤ ጮክ ብላችሁ፣ ዝምታውንና ድምፁን ጨምራችሁ፣ በሰዓት ለኩት።

ከመቅረጻችሁ በፊት ደግሞ ታሪኩን የማያውቅ ሰው ጀርባውን ሰጥቷችሁ ሥራውን እየሠራ አንብቡለት። አንድ ትዕይንት ሲያልቅ አቁሙና ሦስት ነገር ጠይቁት። የት ናቸው? ስንት ናቸው? ማን ምን ፈለገ? የተሳሳተበትን መስመር አስምሩበት። ለእሱ ግን አታስረዱት፤ አድማጩ ቤት ሄዳችሁ አታስረዱም።