አሮጌ ትምህርት ቤትን ነቅሎ መትከል

ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል። ቦታው ለሌላ ነገር ተፈልጓል። ቤቱ ግን ገና ጤነኛ ነው፤ ጣሪያው አልጎበጠም፣ ወለሉም ሲረገጥ አይሰምጥም። ይፍረስ አይፍረስ እየተባለ ሳለ አንዱ ብድግ ብሎ «ለምን አንስተን አንወስደውም?» ይላል። ስብሰባው በሳቅ ይሞላል።

ሰውየው ግን አላበደም። በ2020 እ.ኤ.አ. (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሻንጋይ፣ ቻይና ውስጥ አንድ ባለ አምስት ፎቅ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዳለ ተነስቶ 62 ሜትር ተጉዟል። በ1935 የተሠራ ነው፤ 7,600 ቶን ይመዝናል። ከስሩ 198 የሃይድሮሊክ እግሮች ተገጠሙለት። ግማሾቹ ሲቆሙ ግማሾቹ እየተነሱ፣ 21 ዲግሪ ዞሮ፣ በ18 ቀን አዲሱ ቦታው ደረሰ።

የእናንተ ቤት ምናልባት አንድ ወይም ሁለት ክፍል ያለው የእንጨት ቤት ነው። ለእሱ ያን ያህል ግርግር አያስፈልገውም። እዚህ የምጽፈውም በዋናነት እንዲህ ያለውን ቤት ወደ ሌላ ቦታ ወስዶና አድሶ ለማኅበረሰቡ መገልገያ ስለማድረግ ነው።

መጀመሪያ፦ ቤቱ ምን ይሁን?

ብዙ ሰው ከመኪናው ይጀምራል። ማን ያነሳዋል? በምን ይጫናል? ስንት ያስከፍላል? ቆይ፣ ቆይ። መጀመሪያ ወረቀት አውጡና በአንድ ሳምንት ውስጥ ቤቱ ውስጥ ምን ምን እንደሚካሄድ ጻፉ። የልጆች ንባብ ነው? ስብሰባ ነው? ጭፈራ አለበት? ስንት ሰው? በስንት ሰዓት? ቀሪው ሥራ በሙሉ ከዚህ ወረቀት ነው የሚወጣው።

ለምን መሰላችሁ? በወለሉ ምክንያት። መማሪያ ክፍል የተሠራው ተደርድረው ለሚቀመጡ ተማሪዎች ነው። በአሜሪካ የግንባታ ደንብ ለምሳሌ የመማሪያ ክፍል ወለል በካሬ ሜትር 195 ኪሎ ገደማ እንዲችል ይጠየቃል። ወንበሩ የሚነሳ የስብሰባ አዳራሽ ከሆነ ወደ 490 ኪሎ ይወጣል። መጻሕፍት የሚደረደሩበት ክፍል ደግሞ 730 ኪሎ ገደማ። ያን ሁሉ ዓመት ልጆችን የተሸከመ ወለል አንድ ቀን ሰው ሞልቶበት ሲጨፈር ላይችል ይችላል። ቤቱ ተነስቶ አየር ላይ ሳለ ወለሉን ከስር ማጠናከር ቀላል ነው፤ ሠራተኛው ቆሞ ይሠራል። ቤቱ ከተቀመጠ በኋላ ግን በደረት እየተሳቡ መሥራት ነው። ለዚህ ነው አገልግሎቱን አስቀድሞ መወሰን ያለባችሁ።

በእርግጥ መነሳት አለበት?

ባለበት ማደስ ከተቻለ ባለበት ይታደስ። በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር የተባለው ዓለም አቀፍ የቅርስ ጥበቃ ሰነድ፣ ቅርስ ከታሪኩና ከቆመበት አካባቢ አይነጠልም ይላል። የሚነሳው ለደህንነቱ ሲባል የግድ ሲሆን ወይም ትልቅ ብሔራዊ ወይም ዓለም አቀፋዊ ጥቅም ሲያስገድድ ብቻ ነው። ቤታችሁ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ አንድ ምስማር ከመንቀላችሁ በፊት የሚመለከተውን የቅርስ መሥሪያ ቤት ጠይቁ። በአንዳንድ አገር ቤቱ ያለፈቃድ ከቦታው ከተነሳ ከመዝገብ ይሰረዛል። የተመዘገበ ቅርስ በመሆኑ የሚገኝ ድጋፍ ካለ እሱም አብሮ ይቀራል።

የባለቤትነት ወረቀትም እንደዚያው። ቤቱ የማን ነው? መሬቱስ? ሁለቱ የተለያየ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። በቃል «ውሰዱት» ተብሎ የተጀመረ ሥራ መጨረሻው ጭቅጭቅ ነው። በጽሑፍ ይሁን።

ቤቱን መመርመር

የስትራክቸር መሐንዲስ ያስፈልጋችኋል። እዚህ ላይ ገንዘብ ለመቆጠብ አትሞክሩ። እሱ እስኪመጣ ግን እናንተም የምታዩት ብዙ አለ።

ከታች ጀምሩ። የእንጨት ቤት ቶሎ የሚጎዳው መሠረቱ ላይ የተጋደመው እንጨት ጋ ነው። ግድግዳው ሁሉ ያረፈው እሱ ላይ ነው፤ ከመሬት የሚወጣው እርጥበትም መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ይዛችሁ በየሜትሩ ወጋ ወጋ አድርጉት። ጤነኛ እንጨት አያስገባም። ካቻቢቴው እንደ ቅቤ ከገባ በስብሷል ማለት ነው። የእርጥበት መለኪያ ካገኙም ይለኩበት፤ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች የሆነ እንጨት በአብዛኛው አይበሰብስም። የምስጥ መንገድም ፈልጉ።

የበሰበሰው እንጨት ቤቱ ከመነሳቱ በፊት መቀየር ወይም መደገፍ አለበት፤ ማንሻው ጉልበቱን የሚያሳርፈው እዚያው አካባቢ ነውና።

ቀጥሎ ኋላ የመጡ ለውጦችን ፈልጉ። ሁለት ክፍል አንድ ለማድረግ የፈረሰ ግድግዳ ካለ ጣሪያውን ምን እንደያዘው እዩ። አንዳንዴ መልሱ «ልማድ» ነው። የጡብ ጭስ መውጫ ካለም ለብቻው ይታሰብበት። ከባድና ተሰባሪ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ጡቡ ተቆጥሮ ይፈርስና ኋላ እንደገና ይገነባል።

ሁሉንም ክፍል፣ ሁሉንም ማዕዘን ፎቶ አንሱ። ለኩ። በር፣ መስኮት፣ ወለል፣ ከመሬት እስከ ጣሪያ ጫፍ። ይህ መዝገብ ሲገጣጠም መመሪያ ነው፤ ጉዳት ቢደርስ ደግሞ ለኢንሹራንስ ማስረጃ። ስለ ኢንሹራንስ ካነሳን፣ ተራው የቤት መድን ብዙውን ጊዜ ጉዞ ላይ ያለ ቤትን አይሸፍንም። ለጉዞው የተለየ መድን ጠይቁ።

እንዴት ይሄዳል?

መንገዱ ሦስት ነው። እንዳለ ማንሳት፣ ቆራርጦ ማጓጓዝ ወይም እያንዳንዱን እንጨት ፈትቶ መውሰድ።

ከተቻለ እንዳለ ይሂድ። ልስኑ፣ ወለሉ፣ መስኮቱ እንደነበረ ይደርሳል፤ የሚታደሰውም ያንሳል። እንቅፋቱ ከቤቱ ይልቅ መንገዱ ነው። ጠባብ ድልድይ፣ ዝቅ ያለ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ዛፍ፣ ኩርባ። መንገዱን በእግራችሁ ሂዱበት። ሜትር ይዛችሁ፣ እየለካችሁ። ከፍታው ካስቸገረ ጣሪያው ብቻ ተነስቶ ለብቻው ሊጫን ይችላል። ስፋቱ ካስቸገረ ቤቱ ለሁለት ይቆረጣል። መፍታት የመጨረሻው አማራጭ ነው። እሱን ከመረጣችሁ እያንዳንዱ እንጨት ቁጥር ይጻፍበት፤ በኖራ ሳይሆን ዝናብ በማያጥበው ነገር። ቁጥሩም ሥዕሉ ላይ ይስፈር።

አነሳሱ እንዲህ ነው። ውሃና መብራት ይቋረጣል። መሠረቱ ላይ ቀዳዳ ይከፈትና ወፍራም የብረት ቢም ከወለሉ ስር ይገባል። ከቢሙ ስር የሃይድሮሊክ ክሪኮች ይደረደራሉ። ባለሙያዎቹ የሚጠቀሙበት ማሽን ለሁሉም ክሪክ እኩል መጠን ዘይት ይልካል። አንዱ ማዕዘን ከባድ፣ አንዱ ቀላል ቢሆንም ሁሉም እኩል ይነሳሉ። ምስጢሩ ይኸው ነው። ቤት የሚሰነጠቀው በመነሳቱ አይደለም፤ አንዱ ጎን ቀድሞ ሲነሳ ነው። ስለዚህ ይህ በየማዕዘኑ የመኪና ክሪክ አስገብቶ የሚሞከር ነገር አይደለም።

ትንሽ ከፍ በተደረገ ቁጥር ከስሩ ወፋፍራም እንጨት አግድምና ቁመት እየተደረደረ ይከመራል። ክሪኩ ቢከዳ ቤቱ ክምሩ ላይ ያርፋል። ክምሩ ሳይሠራ ማንም ሰው ከስር አይገባም። ማንም።

ከዚያ ባለብዙ ጎማ ተሸካሚ ይገባና ጉዞ ይጀመራል። ፍጥነቱ የሰው እርምጃ ያህል ነው። ትንሽ ቤት ቅርብ ከሆነ ጉዞው የሰዓታት ጉዳይ ነው። ፈቃዱ፣ የሽቦ ማንሳቱና የትራፊክ ፖሊሱ ቀጠሮ ግን ወራት ሊበላ ይችላል። በጉዞው ቀን ሰው ሁሉ ወጥቶ ያያል፤ ደስ ይላል። ሕዝቡን ከመንገዱ የሚያርቁ ሰዎች ግን ቀድማችሁ መድቡ።

አዲሱ ቦታ

ውሃ የማይቋጥር መሬት ይሁን። ሌላው ጥያቄ ቤቱ ወዴት ይዙር የሚለው ነው። ብዙዎች ፊቱን ወደ መንገድ ያደርጉታል፤ ያምራልና። እኔ ግን መጀመሪያ መስኮቶቹን ተመልከቱ እላለሁ።

መብራት ሳይስፋፋ የተሠሩ ትምህርት ቤቶች የሚኖሩት በፀሐይ ነበር። ከ1912 እስከ 1932 በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች ለጥቁር ልጆች ወደ 5,000 የሚጠጉ ትምህርት ቤቶች ተሠርተው ነበር። ሐሳቡ የጥቁር አሜሪካዊው መምህር የቡከር ቲ. ዋሽንግተን፣ ገንዘቡ በከፊል የነጋዴው የጁሊየስ ሮዘንዋልድ፣ ቀሪው ደግሞ የራሱ የማኅበረሰቡና የመንግሥት ነው። ፕላኖቻቸው የክፍሎቹ ትላልቅ መስኮቶች ከምሥራቅ ወይም ከምዕራብ ብርሃን እንዲያገኙ ያዙ ነበር። እንዲህ ያለውን ቤት አዙራችሁ ብታስቀምጡት ቀን በመብራት የምትሠሩበት ክፍል ይሆንባችኋል። ድሮ የቆመበትን አቅጣጫ በኮምፓስ መዝግቡና ከተቻለ ያንኑ ጠብቁ።

መሠረቱን በሙሉ ቀድሞ ማፍሰስ ብዙዎች የሚሠሩት ስህተት ነው። አሮጌ ቤት ማዕዘኑ ቀጥ ያለ አይደለም። አዲሱ መሠረት በፕላን ልክ ከተሠራ ቤቱ አንድ ጎን ላይ አልፎ፣ ሌላው ላይ ጎድሎ ይቀመጣል። ብዙ ባለሙያዎች ታችኛውን የኮንክሪት ማረፊያ ቀድመው ያፈሱና ቤቱን ከላይ በክምር ላይ ያቆሙታል። ከዚያ ግድግዳውን ከስር ወደ ላይ፣ በቤቱ ልክ ያወጣሉ። የብረት ቢሞቹ ተመዝዘው የሚወጡበት ክፍተት መተው እንዳይረሳ! ቤቱ ሲወርድ ውሃ ልክና ቱንቢ ከእጅ አይለዩ።

እድሳቱ

ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው፤ ግን ሁሌ ይጣሳል። ጣሪያና አሸንዳ ይቀድማሉ። ቀጥሎ የተጎዳ እንጨት፣ ከዚያ የውሃና የመብራት መስመር፣ ከዚያ ግድግዳና ኮርኒስ። ቀለም መጨረሻ ነው። ገንዘብ የሰጠ ሰው ቶሎ ለውጥ ማየት ስለሚፈልግ ቀለሙ ቀድሞ ይቀባል፤ ኋላ መብራት ሠሪው መጥቶ ይበሳዋል።

አሮጌውን ቀለም ግን ዝም ብላችሁ አትፋቁ። እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። እርሳስ ስል መጻፊያውን አይደለም፤ ብረቱን ነው። አሜሪካ እርሳስ ያለበትን የቤት ቀለም የከለከለችው በ1978 ነው። አቧራው የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። ቀድማችሁ አስመርምሩ። ካለበት በደረቁ በሸካራ ወረቀት መፋቅም ሆነ በእሳት ማንሳት ክልክል ነው። አሮጌ የወለል ንጣፍ፣ የቧንቧ መጠቅለያና የጣሪያ ክዳን ላይ ደግሞ አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ ቃጫ መሰል ማዕድን) አለ ብላችሁ ጠርጥሩ። እሱን የሚነካው የሠለጠነ ሰው ብቻ ነው።

መስኮቶቹን ለመጣል አትቸኩሉ። አሮጌ የእንጨት መስኮት ከተለያዩ ክፍሎች የተገጣጠመ ነው፤ የተበላሸው ክፍል ብቻ ይቀየራል፣ ስቱኮው ይታደሳል፣ መስታወቱ ይመለሳል። አዲሱ የፕላስቲክ መስኮት ሲበላሽ ግን ሙሉው ነው የሚጣለው። ጡብ ካለ ደግሞ ድሮ በኖራ የተገነባውን በሲሚንቶ አትሙሉት። ሲሚንቶው ከጡቡ ስለሚጠነክር እርጥበቱ በመጋጠሚያው መውጣቱን ትቶ በጡቡ ይወጣል። ጡቡም ይፈረፈራል።

ለሁሉም ሰው የሚሆን መግቢያ ይኑር። የተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ 1 ሜትር ከፍ ለማለት 12 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል፤ በሩ ሲከፈት ቢያንስ 81 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይኑረው። እዚህ ላይ አንድ ዕድል አለ። መሠረቱን አዲስ የምትሠሩት እናንተ ስለሆናችሁ ቤቱን ዝቅ አድርጋችሁ ብታስቀምጡት መወጣጫው ያጥራል። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ወደ ቤቱ እንዳይመጣ ብቻ ተጠንቀቁ። ሁለተኛ መውጫ የግድ ነው፤ በሮቹም ወደ ውጭ ይከፈቱ።

ድምፅም አይረሳ። ከፍ ያለ ኮርኒስና ባዶ ግድግዳ ያለው ክፍል ያስተጋባል። ጆሮው የደከመ አዛውንት አንድም ነገር አይሰማም። ወፍራም መጋረጃና ድምፅ የሚውጥ ሰሌዳ ብዙ ይረዳሉ።

ከመክፈታችሁ በፊት ማን ቁልፍ እንደሚይዝ፣ ማን እንደሚያጸዳ፣ የመብራት ሂሳቡ ከየት እንደሚከፈል በጽሑፍ ጨርሱ።

አንድ ነገር ቀርቷል። በእድሳቱ ወቅት ጥቁር ሰሌዳዎቹን ስትነቅሉ ቀስ በሉ። በ2015 ኦክላሆማ ሲቲ በሚገኘው ኤመርሰን ትምህርት ቤት ሠራተኞች ሰሌዳ ሲቀይሩ ከጀርባው ሌላ ሰሌዳ አገኙ። በላዩ ላይ በ1917 የተጻፈ የክፍል ትምህርት፣ ሥዕልና በክብ የተደረደረ የማባዛት ሠንጠረዥ ነበር። ጠመኔው አልጠፋም። እናንተም እንዲህ ያለ ነገር ከገጠማችሁ በጨርቅ አትንኩት። ፎቶ አንሱት፣ ከአቧራ ጠብቁት፣ ሳይነካው ከፊቱ ግልጽ ፕላስቲክ ግጠሙለት፤ ሰሌዳው ባለበት ይቆይ።