ቤት ውስጥ የሚታይ ፊልም ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዘንድሮ ፊልም ጠፋ የሚል ሰው የለም። ዩቲዩብ አለ፣ ኔትፍሊክስ አለ፣ ዲሽ አለ፣ ቴሌግራም አለ፣ ሰፈር ውስጥ ፍላሽ ይዘው ሄደው የሚያስጭኑበት ሱቅም አለ። ሆኖም ቅዳሜ ማታ አራት ሰው ሶፋ ላይ ተደርድሮ ፖስተር ሲያገላብጥ ያመሻል። መጨረሻ ላይ አንዱ ይሰለቸውና «በቃ የሆነ ነገር ክፈቱ» ይላል። የተከፈተውም ማንንም ሳያስደስት ያልቃል። እኔ እንደማየው ብዙው ነገር የሚበላሸው ገና ፊልሙ ሳይጀመር ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ከተቀመጡ በኋላ መምረጥ መጀመር

ራት ተበልቶ፣ ሰው ተሰብስቦ ካበቃ በኋላ ምርጫ አይጀመርም። በዚያ ሰዓት ሁሉም ደክሞታል፣ ሁሉም አስተያየት አለው፣ ኃላፊነቱን የሚወስድ ግን የለም። የማይረባ ፊልም የመረጠ ሰው እስከ ፋሲካ ሲነሳበት ይኖራላ!

ምርጫው ቀን ላይ ይለቅ። ታክሲ ውስጥ ወይ ምሳ ላይ ሰው ያወራላችሁን ርዕስ ያኔውኑ ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ከርዕሱ ጎን ሦስት ነገር ጨምሩ፦ ስንት ደቂቃ ነው፣ ከማን ጋር ይታያል፣ የት ይገኛል። ማታ ላይ ከሦስት በላይ አማራጭ አታቅርቡ። ሦስቱም ይለያዩ፤ አንድ ቀለል ያለ፣ አንድ ከበድ ያለ፣ አንድ ዘጋቢ ፊልም። ሦስት አክሽን ደርድሮ «ምረጡ» ማለት ምርጫ አይባልም።

ነጥቡን እንደ ፈተና ውጤት ማንበብ

«ይሄ ፊልም እኮ 95 ፐርሰንት አለው» ሲባል ብዙ ሰው ከመቶ 95 ያመጣ ይመስለዋል። ቁጥሩ የመጣው የሃያሲያንን አስተያየት ከሚሰበስበው ከሮተን ቶሜቶስ ድረ ገጽ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ የእያንዳንዱ ሃያሲ ጽሑፍ ወይ «ወዶታል» ወይ «አልወደደውም» ተብሎ ይመደባል። ፐርሰንቱ የሚነግራችሁ ከመቶው ስንቱ እንደወደደው ብቻ ነው። ምን ያህል እንደወደደው አይናገርም።

በምሳሌ እንየው። አሥር ሃያሲያን አንድ ፊልም አይተው አሥሩም «ደህና ነው፣ ይታያል» ቢሉ ፊልሙ 100 ፐርሰንት ያገኛል። ሌላውን ፊልም ሰባቱ «እንዲህ ያለ አይተን አናውቅም» ቢሉና ሦስቱ አምርረው ቢጠሉት 70 ፐርሰንት ላይ ይቆማል። እኔን ብትጠይቁኝ ባለ 70ውን እከፍታለሁ። ሰውን ለሁለት የሚከፍል ፊልም ቢያንስ ከታየ በኋላ ያከራክራል።

አይኤምዲቢ የተባለው የፊልም መረጃ ድረ ገጽ ደግሞ የተመልካቾችን ድምፅ ከ10 አስልቶ ያወጣል። ፊልሙ በወጣ ሰሞን ድምፅ የሚሰጡት በአብዛኛው ሲጠብቁት የነበሩ አድናቂዎች ስለሆኑ ነጥቡ ይጋነናል፤ ትንሽ ሲቆይ ይረጋጋል። ከነጥቡ ጎን ያለውን የድምፅ ሰጪ ብዛት ሳታዩ አትለፉ። በተለይ የአማርኛ ፊልም ላይ ቁጥሩን ከነጭራሹ ባታምኑት ይሻላል፤ ብዙ ጊዜ ድምፅ የሰጠው ሰው እፍኝ አይሞላም። ለተከታታይ ፊልም ግን ይጠቅማል፤ የእያንዳንዱ ክፍል ነጥብ ለብቻው ስለተቀመጠ ታሪኩ የቱ ምዕራፍ ላይ እንደሚዝል ቀድማችሁ ታውቃላችሁ።

ኔትፍሊክስ የሚያወጣው የምርጥ 10 ዝርዝርም ያሳስታል። ዝርዝሩ የሚነግራችሁ ሰሞኑን ብዙ የታየውን እንጂ ብዙ የተወደደውን አይደለም። በዚያ ላይ ኔትፍሊክስ ላይ ያለውን ብቻ ነው የሚቆጥረው።

አጠገብ ማን እንደተቀመጠ መርሳት

ይሄንን የማያውቅ የሐበሻ ቤት የለም። አባባ ወንበራቸው ላይ፣ እማማ ፍራሽ ላይ፣ ልጆች ምንጣፍ ላይ። ፊልሙ ደህና እየሄደ ሳለ ሁለቱ ተዋንያን መቀራረብ ይጀምራሉ። አንዱ ስልኩን ማየት ይጀምራል። እማማ ድንገት ምድጃ ላይ የጣዱት ነገር ትዝ ይላቸዋል። ሪሞቱ ከትራስ ሥር ይፈለጋል፣ ይገኛል፣ ለማሳለፍ ይጫናል። በድንጋጤ የተነካው ግን የማቆሚያው ቁልፍ ነው። ምስሉ እዚያችው ላይ ደርቆ ይቀራል!

ይህንን ለማስቀረት ሁለት ደቂቃ ይበቃል። አይኤምዲቢ ላይ የፊልሙን ስም ስትከፍቱ «ፓረንትስ ጋይድ» የሚል ክፍል አለ። ወሲብ፣ ደም፣ ስድብ፣ መጠጥና ዕፅ፣ የሚያስፈራ ነገር እያለ ለየብቻው ይዘረዝራል። የዕድሜ ምልክቱን ብቻ አይታችሁ አትርኩ። ፒጂ-13 (ከ13 ዓመት በታች ላሉ የወላጅ ጥንቃቄ ያሻል) የተባለ የአሜሪካ ፊልም ግድያን በብዛት ሊያሳልፍ ይችላል። ለልጆች ደግሞ ኔትፍሊክስ ላይ ራሱን የቻለ የልጆች ፕሮፋይል ክፈቱላቸው፤ የናንተን ፕሮፋይል በፒን ቆልፉ። ይሄ ከምክር በተሻለ ይሠራል።

ሌላው የሚረሳው የቋንቋው ጉዳይ ነው። ሜሪላንድ ወይ ቴል አቪቭ ያለ ቤት አስቡ፤ አያት እንግሊዝኛ አይከተሉም፣ የልጅ ልጅ አማርኛ ያመልጠዋል። በሰብታይትል ይፈታል እንዳይባል አያት ማንበብ ይቸግራቸው ይሆናል። ቃና ቴሌቪዥን በ2016 ሥራ ሲጀምር የውጭ ድራማን በአማርኛ ድምፅ ማቅረቡ ያን ያህል ሰው የሳበው አንድም ለዚህ ነበር፤ ቡና እያፈሉ፣ ጀርባ ሰጥተውም ቢሆን መከተል ይቻላል። የተተረጎመ ካጣችሁ ምስሉ ራሱ ታሪኩን የሚነግር ነገር ፈልጉ። ቢቢሲ በ2006 ያወጣው የፕላኔት ኧርዝ ዘጋቢ ፊልም 11 ክፍል አለው። ነብር ፍየል ሲያሳድድ ለማየት አስተርጓሚ አያስፈልግም፤ አያት እንዲያውም ከሁሉ በላይ ድምፃቸውን የሚያሰሙት እሱ ላይ ነው።

መጨረሻውን ሳይጠይቁ ሲሪየስ መጀመር

ሁለት ጥያቄ አለ። ስንት ክፍል ነው? አልቋል ወይስ ተቋርጧል?

በ2019 የወጣው ቸርኖቤል 5 ክፍል ብቻ ነው፤ በሁለት ምሽት ይገባደዳል። ብሬኪንግ ባድ 62 ክፍል ነው። ሁለቱም የተመሰገኑ ናቸው፤ የሚጠይቁት ጊዜ ግን ፈጽሞ አይገናኝም። ሥራ የሚበዛበት ሰው ባለ 60 ክፍሉን ጀምሮ አንድ ወር ጠፍቶ ሲመለስ ማን ማንን እንደገደለ ረስቶታል።

ተቋርጦ የቀረ ደግሞ የባሰ ነው። 1899 የተባለው የመርከብ ላይ ሚስጥር ኅዳር 2022 ወጣ፣ ሰው በጉጉት ጨረሰው፣ በጥር 2023 መሰረዙ ተነገረ። አዘጋጆቹ ሦስት ምዕራፍ አስበው ነበር። ጥያቄው ሁሉ አንደኛው ምዕራፍ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። የእኛም አንዳንድ ድራማዎች «በቅርቡ እንመለሳለን» ብለው እንደወጡ ይቀራሉ። ስለዚህ የሚቋረጥ ታሪክ የሚያበሳጨው ሰው ያለቀለትን ይምረጥ።

የቱርክ ድራማ ላይ ሌላም የሚያደናግር ነገር አለ። ሀገራቸው ውስጥ አንዱ ክፍል ሁለት ሰዓት ገደማ ይሄዳል፣ በሳምንት አንዴ ይታያል። ወደ ውጭ ሲሸጥ እስከ 45 ደቂቃ በሚደርሱ ቁርጥራጮች ይከፋፈላል። በ2017 ዓለም አቀፍ ኤሚ የተሸለመው «ካራ ሴቭዳ» የተባለው ድራማ በቱርክ 74 ክፍል ነበር። ተቆራርጦ ሲቀርብ ቁጥሩ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ከክፍሉ ብዛት ይልቅ ጠቅላላ ሰዓቱን አስሉ።

«የኢትዮጵያ ፊልም» ብሎ ሁሉንም በአንድ መጠቅለል

«የአማርኛ ፊልም ሁሉም አንድ ነው» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያየው የፍቅር ኮሜዲ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ተሸላሚ ነው ስለተባለ ብቻ ማንኛውንም ፊልም በዓል ቀን የሚከፍት አለ። ሁለቱም ያስቆጫሉ።

አራት ፊልም ላንሳ። የኃይሌ ገሪማ ጤዛ በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት ወስዷል። 140 ደቂቃ ነው፤ ከጀርመን የተመለሰ ምሁርና የደርግ ዘመን። ሰው በሚገባበትና በሚወጣበት ቤት አይሆንም። ዘመኑን ከኖሩበት ወላጆች ጋር፣ ስልክ ተዘግቶ ብታዩት ከፊልሙ በኋላ የሚመጣው ወሬ ራሱ ሌላ ፊልም ይወጣዋል። ላምብ (2015) ከሀገራችን በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ የተካተተ የመጀመሪያው ፊልም ነው። ስለ አንድ ልጅና ስለ በጉ ነው፤ ትንሽ ከፍ ካሉ ልጆች ጋር ይታያል። ዘመዱ በጉን ለበዓል ሊያርደው እንደሚያስብ ግን ቀድማችሁ እወቁ፤ ሆደ ባሻ ልጅ ያለው ቤት ለቅሶ አይቀርለትም። ድፍረት (2014) ሰንዳንስ ላይ የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘ፣ በጠለፋ ላይ የተሠራ እውነተኛ ታሪክ ነው። ለትንንሽ ልጆች አይሆንም፤ ጎረምሶች ላሉበት ቤት ግን በጣም ይሆናል። ፋያ ዳዪ (2021) ሐረርንና ጫትን ይዞ በጥቁርና ነጭ ቀስ እያለ የሚሄድ ዘጋቢ ፊልም ነው። ብቻችሁን፣ መብራት አጥፍታችሁ እዩት። ሰው ጋብዛችሁ ከከፈታችሁት ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነቅታችሁ የምትቀሩት እናንተ ብቻ ትሆናላችሁ።

አራቱንም የኢትዮጵያ ፊልም የሚል አንድ መደብ ውስጥ ብትከቷቸው ለየትኛውም ምሽት የሚስማማውን አታገኙም።

የቆዩ የአማርኛ ፊልሞችን ዩቲዩብ ላይ ስትፈልጉ ደግሞ የአዘጋጁን ወይም የአከፋፋዩን ቻናል ምረጡ። ሌላ ሰው ሰርቆ የጫነው ቅጂ የባለቤትነት ፍተሻውን ለማምለጥ ብዙ ጊዜ ምስሉ ይገለበጣል። የሱቅ ታፔላው ላይ ያለው ፊደል ወደ ኋላ የተጻፈ ከሆነ እንዲህ ዓይነት ቅጂ ላይ ናችሁ። ለሠሩት ሰዎችም ሳንቲም አይደርሳቸውም።

ፍላሹን ሳይሞክሩ እንግዳ መጥራት

ፊልሙ ላፕቶፕ ላይ ሠርቷል ማለት ቴሌቪዥኑ ላይ ይሠራል ማለት አይደለም። የሚያጋጥመው ይታወቃል፦

- ትልቁ ፋይል አልገለበጥም ካለ ፍላሹ ፋት-32 በሚባለው አሠራር ፎርማት ተደርጎ ይሆናል። እሱ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም።
- ድምፅ እያለ ምስል ከጠፋ ፋይሉ ኤች-265 በሚባለው ዘዴ ተጨምቆ ቴሌቪዥኑ አሮጌ ሊሆን ይችላል።
- ምስል እያለ ድምፅ ከሌለ የድምፁ ዓይነት ዲቲኤስ መሆኑን እዩ። ሳምሰንግ ለምሳሌ ከ2018 ሞዴሎቹ ጀምሮ ዲቲኤስን መደገፍ ትቷል።
- የአማርኛው ሰብታይትል በአራት ማዕዘን ሳጥን ከተሞላ ፋይሉን ኖትፓድ ላይ ከፍታችሁ በዩቲኤፍ-8 መልሳችሁ አስቀምጡት። አሁንም ካልሆነ ቴሌቪዥኑ የግዕዝ ፊደል የለውም ማለት ነው፤ ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ገመድ አገናኙ።

ሲኒማ ቤት ተደብቆ በካሜራ የተቀዳውን ግን ባትጀምሩት ይሻላል። ከፊት የተቀመጠው ሰውዬ ጭንቅላት አብሮ ይተውናል።

ቴሌቪዥኑን ከካርቶን እንደወጣ መተው

አዲስ ቴሌቪዥን ገዝታችሁ ትልቅ በጀት የወጣበት ፊልም ስቱዲዮ ውስጥ የተቀረፀ ድራማ መሰለባችሁ? ጥፋቱ የማስተካከያው ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ይቀረፃል። ቴሌቪዥኑ እንቅስቃሴውን ለማለስለስ በመሃል የራሱን ምስል ፈጥሮ ይሰገስጋል። ቶም ክሩዝ በ2018 ይህን አጥፉ ብሎ ሰውን የሚለምን ቪዲዮ እስከ መልቀቅ ደርሷል። ሳምሰንግ ላይ «አውቶ ሞሽን ፕላስ» (አዲሶቹ ላይ «ፒክቸር ክላሪቲ»)፣ ኤልጂ ላይ «ትሩሞሽን»፣ ሶኒ ላይ «ሞሽንፍሎው» ይባላል። ለኳስ አብሩት፣ ለፊልም አጥፉት። «ፊልምሜከር ሞድ» ያለው ከሆነ እሱን ብቻ መምረጥ ይበቃል።

ከላይና ከታች ጥቁር መስመር ሲመጣ ስክሪኑ እንዲሞላ ብሎ መለጠጥም አለ። መስመሩ የመጣው ፊልሙ በሰፊው ስለተቀረፀ ነው፤ የጎደለ ነገር የለም። የድሮ የቴሌቪዥን ድራማ ደግሞ ለአራት ማዕዘኑ ቴሌቪዥን የተሠራ ነው፤ ሲለጠጥ ተዋናዩ ሁሉ ጉንጩ ያብጣል።

ንግግሩ እያነሰ ፍንዳታው ጎረቤት የሚቀሰቅስ ከሆነ የድምፅ ምርጫው 5.1 (ለስድስት ስፒከር የተዘጋጀው) ላይ ሆኖ ይሆናል። ወደ ስቴሪዮ ቀይሩት።

ዳታውን ሳያዩ መክፈት

ኔትፍሊክስ በዝቅተኛ ጥራት በሰዓት 0.3 ጊጋባይት ገደማ፣ በመካከለኛ 0.7፣ በኤችዲ እስከ 3፣ በ4ኬ እስከ 7 ጊጋባይት ይበላል። በሞባይል ጥቅል ለሚያይ ሰው ልዩነቱ የአንድ ምሽትና የአንድ ሳምንት ነው። ስልክ ላይ መካከለኛው ይበቃል፤ ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርዶ መምጣትም አለ።

ቀጣዩ ክፍል ራሱ እንዲጀምር መፍቀድ

ሲሪየስ ጸሐፊዎች ክፍሉን የሚጨርሱት ልብ በሚሰቅል ቦታ ላይ ነው። ማጫወቻው ደግሞ ጥቂት ሰከንድ ቆጥሮ ቀጣዩን ይከፍታል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ «አንድ ብቻ» እያሉ መቀመጥ ከዚህ ይመጣል። በራሱ መቀጠሉን ከፕሮፋይላችሁ ማስተካከያ ገብታችሁ ማጥፋት ትችላላችሁ። እሱም ካልረዳችሁ ክፍሉ መጨረሻ ላይ አታቁሙ። ቀጣዩን ክፈቱና ያ የተንጠለጠለው ነገር እስኪፈታ አሥር ደቂቃ ያህል እዩ፣ እዚያ ላይ አጥፉት። ነገ ከመሃል ነው የምትቀጥሉት።